የሬዲዮውን ጭራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ

በመርካቶ ጣራዎች ላይ ከቆሙት የሬዲዮ ሳጥኖች መካከል የእኔ ካቻቢቴ ያልነካው ቢፈለግ አይገኝም። ጉራ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ የነገረኝ መምህር የለም። አባቴ ምን አለሽ ተራ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃ ይሠራ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ከውራጁ ክምር የማገኛቸውን ሬዲዮኖች ስፈታና ስገጥም አደግኩ። አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ እጄ ሲገባ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። የመጀመሪያውን ገጽ በሦስት ቀን አነበብኩ፤ ሁለተኛውን በሁለት ቀን። ከዚያ በኋላ ያቆመኝ የለም። ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶች ሲጨንቃቸው “ዘርጋውን ጥሩት” ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ያገለገልኩበት ድርጅት በየሕንፃው ጣራ ላይ ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎችን የሚጠግን ነው፤ የሞባይሉንም፣ ጥበቃዎችና አምቡላንሶች የሚነጋገሩበትንም። ጥሩ ሽኝት አደረጉልኝ። ወጣቷ ሥራ አስኪያጅ ተነስታ “ጋሽ ዘርጋው ኃይል ቁጠባ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ በወረቀት ላይ እንኳ ሳይኖር በእጃቸው ሲሠሩት የኖሩ ሰው ናቸው” አለችና የሥራዎቼን ዝርዝር አነበበች። ሁሉም አጨበጨበ። በዝርዝሩ መካከል “የመርካቶ ነጋዴዎች የጥበቃ ሬዲዮ በባትሪ የሚቆይበትን ጊዜ ማራዘም” የሚል ነበረበት። እሱን ስታነብ በእጄ የያዝኩት ብርጭቆ ከበደኝ። ንግግር አድርግ ሲሉኝ፣ በዕድሜዬ የምናገረው ጠፍቶኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ “አመሰግናለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ።

የምጽፈው ስለዚያ አንድ መስመር ነው። ሥራው ምን እንደነበር ሳይታወቅ ግን ጥፋቱ አይገባም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ ያስያዙኝ ጋሽ በየነ ናቸው። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ባለሙያ ነበሩ። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ቦርሳ መሣሪያ አንጠልጥለው መርካቶ ገቡ። አንድ ቀን ምን አለሽ ተራ ዕቃ ፍለጋ መጥተው ከሁለት የሞቱ ሬዲዮኖች አንድ የሚሠራ ሳወጣ አዩኝ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆሙ።

“ማን አስተማረህ?”

“ማንም።”

“ያስታውቃል” አሉ። “ብየዳህ ሲያዩት ያስጠላል። ግን ይሠራል።”

በሳምንቱ እሳቸው በሚሠሩበት ድርጅት ረዳት ሆንኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የጋሽ በየነ ልማዶች ያስቁኝ ነበር። መሣሪያ ክፍል ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ አቧራ በእግር ነው የሚገባው ይላሉ። የባትሪን ሙቀት የሚለኩት በእጃቸው ጀርባ ነው፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ስለሆነ ይዋሻል ይላሉ። ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ነው። ጥገናው አልቆ፣ ቴስተሩም ልክ ነው ብሎ፣ እሳቸው “ተሠርቷል” ብለው አይፈርሙም። አምስት ፎቅ ይወርዱና የእጅ ሬዲዮ ይዘው ድምፁ ይደርሳል እስከተባለበት የመጨረሻ ጥግ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። እዚያ ቆመው ቁልፉን ይጫናሉ፣ ይለቃሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው ዘንበል፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ተሸካሚው እየገፋቸው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ይጠብቃሉ። መልሱን በጆሯቸው ሲሰሙ ብቻ ተመልሰው ይፈርማሉ።

“ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ቆመው እስኪጠብቁ እኔ ሁለት ጣቢያ ጠግኜ እጨርሳለሁ” እላቸዋለሁ።

“አንተ ዘርጋው፣ አፍህ ጄኔሬተር ቢሆን ኖሮ መርካቶ መብራት አይጠፋባትም ነበር” ይሉኛል።

እኔ ግን የምኮራበት የራሴ ሙያ ነበረኝ። ሞባይል እየበዛ ሲሄድ የጣራዎቹ ሳጥኖችም በዙ፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ መብራት በፈረቃ ሆነ። አለቆቻችን ከጠዋት እስከ ማታ ናፍጣ፣ ናፍጣ ይላሉ። ናፍጣውን በጀሪካን ደረጃ ለደረጃ የምንሸከመው እኛ ነን። እኔም ራሴን ጠየቅኩ፦ ይህ ሁሉ ኃይል የት ነው የሚገባው? ቴስተሬን ይዤ ሽቦ በሽቦ ለካሁ። ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ሰው የሚነጋገርበት ሬዲዮ ራሱ ብዙ አይበላም። የሚበላው ሙቀቱን ሲታገል የሚውለው ማቀዝቀዣ ነው። የመርካቶ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ እጅ ያቃጥላል፤ ሳጥኑ እዚያ ላይ ተጥዶ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ያቃስታል። አባቴ ሰፈር ወርጄ ላሜራ አስቆረጥኩና ለሳጥኑ ድርብ ጣራ ሠራሁለት፤ በሁለቱ መሀል ነፋስ እንዲያልፍ አደረግኩ። ከአሮጌ መኪና የወጣ ቬንትሌተር ገጠምኩለት። የአዲስ አበባ የጠዋት አየር እያለ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል? ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣው የሚነሳው ቀትር ላይ ብቻ ሆነ።

በርበሬ ተራ አጠገብ የነበረው ጣቢያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። የአየር ማጣሪያው በበርበሬ ብናኝ ይደፈናል፤ ማቀዝቀዣው አየር ሲያጥረው ኃይሉን እጥፍ ይስባል። ማጣሪያውን ስናራግፍ ጋሽ በየነና እኔ ፊት ለፊት ቆመን እናነጥሳለን። “ይማርህ!” “ይማርዎ!” ስንባባል ግማሽ ቀን ይሄዳል። እርጥብ ጆንያ ከፊቱ አንጠለጠልኩና ብናኙ እዚያው ቀረ።

ሌላ ሕንፃ ላይ ሬዲዮው ምድር ቤት፣ አንቴናው ጣራ ላይ ነበር። ከሬዲዮው የሚወጣው ኃይል መንገድ ላይ ያን ሁሉ ኬብል ሲያሞቅ ግማሹ ያልቃል። ሬዲዮውን አውጥቼ ከአንቴናው ሥር ሰቀልኩት፤ በግማሽ ጉልበት ያንኑ ያህል ቦታ ሸፈነ። ደግሞም አስቡት፤ ዱባይ ተራ በሥራ ቀን ስልክ ጆሮው ላይ የሌለ ሰው የለም፤ እሑድ ግን ጭር ይላል። ሬዲዮኖቹ ለባዶ መንገድ ሙሉ ጉልበታቸውን ያፈሳሉ። ከየሳጥኑ ግማሾቹን በሰዓት ቆጣሪ ማስተኛት ጀመርኩ። ዛሬ ማሽኖቹ ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። ያኔ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የክፍል ኃላፊያችን አቶ ሰለሞን ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሰው ማመስገን የሚያውቅ ሰው። “ጋሽ ዘርጋው፣ እርስዎ እኮ ሀብት ነዎት” ይለኛል። ይህን ቃል ለመድኩት። ሳምንት ሳይለኝ ከቆየ ሌላ የምቆጥበው ነገር መፈለግ እጀምራለሁ።

ወደ ጭራው የደረስኩት በዚህ መንገድ ነው።

የነጋዴዎቹ ማኅበር ለዘበኞቹ የእጅ ሬዲዮ ገዝቶ ነበር። ሕንፃዎቹ ስለሚጋርዱ አንዱ የእጅ ሬዲዮ ሌላውን በቀጥታ አይሰማውም። ስለዚህ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ጣራ ላይ ሪፒተር የሚባል ሳጥን ተተክሏል፤ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ለሁሉም ይበትናል። ዘበኛው ተናግሮ ቁልፉን ሲለቅ ሪፒተሩ ወዲያው ዝም አይልም። አምስት፣ ስድስት ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፤ በእጅ ሬዲዮው ውስጥ “ሽሽሽ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጧ ብሎ ይዘጋል። ዘበኞቹ ይህን ድምፅ ጭራ ብለው ሰየሙት። ጭራው ከተሰማ ቃልህ ጣራው ደርሷል ማለት ነው። ካልተሰማ አልደረሰም፤ ቦታ ቀይረህ ሞክር፣ ወይም በእግርህ ሩጥ።

የማኅበሩ የእሳት ደንብም በዚሁ ላይ የቆመ ነበር። እሳት ያየ ዘበኛ የቦታውን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ከዚያ መስመሩን ይለቃል። በማኅበሩ ማዕከል ሬዲዮውን የሚያዳምጠው ሰው መልስ በመስጠት ጊዜ አያጠፋም፤ በቀጥታ ወደ ስልኩ ይሮጣል። ሌሎቹ ዘበኞች አሸዋና ማጥፊያ ይዘው ይደርሳሉ። ጠሪው መሰማቱን የሚያውቀው በጭራው ብቻ ነው።

ከዘበኞቹ ሁሉ ይህን ጭራ የሚወደው ደምሴ ነበር። ከጎጃም የመጣ፣ ረጅም፣ ተጫዋች ሰው፤ የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ይጠብቃል። ሥራ ሲፈታ ቁልፉን ጠቅ እያደረገ ያዳምጣል።

“ምን እያደረግክ ነው?” አልኩት አንድ ቀን።

“ጣራ ላይ ያለችዋን ደህና ዋልሽ እያልኳት ነው። እሷም እግዜር ይመስገን ትለኛለች። ከሚስቴ ይልቅ እሷ ናት ቶሎ የምትመልስልኝ፣ ኢንጂነር።”

ኢንጂነር የሚለኝ ለማሾፍ ይሁን ለማክበር አላውቅም። ደስ ግን ይለኝ ነበር።

በፈረቃው ቀናት የሪፒተሩ ባትሪ እስከ ማታ አልደርስ አለ። ጣራው ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ለካሁ። ሪፒተሩ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የሚበላው እዚህ ግባ አይባልም፤ ሲያስተላልፍ ግን እንደ ካውያ ነው የሚስበው። ዘበኞቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ያደርጋሉ። ለአንዲት ጠቅታ ስድስት ሰከንድ ጭራ! ባትሪውን የሚጨርሰው ንግግር አይደለም፤ ጭራው ነው። በደረጃው እየዘለልኩ ወርጄ ለጋሽ በየነ ነገርኳቸው።

“ጋሼ፣ ባትሪውን የሚበላውን ሌባ ያዝኩት! ባዶ ድምፅ ነው። ምንም ቃል የሌለበት ሽሽታ!”

“ቃል የለበትም ያለህ ማነው?”

“ምን ቃል አለው?”

“‘ሰምቻለሁ’ ይላል” አሉ። “እኔ ጦር ሜዳ ላይ ለዚህች ቃል ብዬ ሌሊት ሙሉ ያደርኩበት ጊዜ አለ።”

“ጋሼ፣ ይሄ ጦር ሜዳ አይደለም። ፍራሽ ተራ ነው።”

ትንሽ አሰቡና “እሺ፣ ብዙ ከበላ አሳጥረው። ስድስቱን ሁለት አድርገው። እንዳትቆርጠው ግን” አሉኝ።

ሁለት ሰከንድ ብተውለት ባትሪው እስከ ማታ ይደርስ ነበር። ያኔውኑ ለክቼ አውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ሰከንድ የጋሽ በየነ ሐሳብ ነው፤ ዜሮው የእኔ ነበር። ወጥቼ ጊዜውን የምትወስነውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴዬ እስከ መጨረሻው አዞርኳት። ጭራው ጠፋ። ባትሪው እስከ ማታ ሳይሆን እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ። አቶ ሰለሞን ትከሻዬን ይዞ እየነቀነቀ “ሀብት ነዎት!” አለኝ። ሪፖርቱ ላይ “የኃይል ማስተካከያ” ብለን ብቻ ጻፍን። ፎቶዬ ያለበት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

“ኢንጂነር፣ ጭራዋን ምን አደረጓት?” አለኝ ደምሴ።

“ቆረጥኳት። ኃይል ትበላለች።”

“ታዲያ መስማቷን በምን ልወቅ?”

“እኔ የነካሁት ነገር አይሰማም ብለህ ትጠራጠራለህ እንዴ?”

“ኧረ እርስዎን ማን ተጠራጠረ! ሳጥኗን ነው እንጂ።”

አብረን ሳቅን። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ዘበኞቹ ጠቅ ማድረጉን ተዉት፤ ጉዳይ ካልገጠመ በቀር ሬዲዮውን የሚነካ ጠፋ፤ መልስ የሌለው ነገር ይሰለቻል። እኔ ይህንንም እንደ ቁጠባ ቆጠርኩት።

የባትሪዎቹ ተጠሪ ጋሽ በየነ ነበሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አምስት ፎቅ በየቀኑ አይወጡም፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ከመንገዱ ላይ ጠቅ አድርገው ጭራውን ይሰማሉ። “አሁን ከታች ሆኜ በምን ልወቅ?” ሲሉኝ “በወር አንዴ ወጣ ብለው ማየት ነዋ” አልኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ሄዱ።

እሳቱ የተነሳው ዓርብ ቀን፣ በጁምዓ ሰዓት ነው። በመርካቶ ዘበኞች ዘንድ ልማድ አለ፤ ዓርብ ቀን ሙስሊሞቹ ለሶላት ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ የእነሱንም ቦታ ይጠብቃሉ፤ እሑድ ደግሞ በተራው። ስለዚህ ደምሴ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ብቻውን ነበር። ሱቆቹ በራቸውን ዝቅ አድርገዋል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

ሪፒተሩም የለም። መብራት እያለ በመብራት ይሠራል፤ ሲጠፋ ባትሪው መረከብ አለበት። ገመዱን ከባትሪው ጋር የምታይዘው ብሎን ግን ላልታ ገመዱ ወልቆ ነበር። ከጎኑ ያለው የሞባይል ጣቢያው ጄኔሬተር ሲንቀጠቀጥ ማንም ቢያጠብቃት ትላላለች፤ አዲስ ነገር አይደለም። ጭራው ቢኖር ኖሮ ጠዋቱኑ አንዱ ዘበኛ ጠቅ አድርጎ ዝም ሲልበት ይጮህ ነበር። ዝምታውን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

ደምሴ ጭስ አየ። ሦስት ጊዜ ጠራ። መስመሩን ለቀቀ። ምንም አልሰማም፤ ምንም አለመስማት ደግሞ የየዕለቱ ነገር ነው። እንደ ደንቡ ቦታውን ሳይለቅ አሸዋ እየበተነ ሰው እስኪደርስለት ጠበቀ። ያኔ የእጅ ስልክ የነጋዴ እንጂ የዘበኛ አልነበረም። ማንም አልመጣም። አንደኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ተሸካሚ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሲያስል ደምሴ ሰማው። የብረቱን በር በባዶ እጁ ይዞ ወደ ላይ ገፋው። ብረቱ ግሎ ነበር። ሰውየው ወጣ። የደምሴ መዳፍ ብረቱ ላይ ቀረ።

እኔ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ ጣራ ላይ እሠራ ነበር። ጥቁር ጭሱን አይቼ ሮጥኩ። ስደርስ ከመስጊድ የወጣው ሕዝብ በባልዲ ውሃ እየተቀባበለ ነው፤ እሳት አደጋም በመጨረሻ አንድ ሰው በእግሩ ሮጦ ደውሎለት መጣ። ፍራሽ ሱቆቹ በሙሉ ወደሙ። ደምሴን በጋሪ ጭነው ሲወስዱት ከሩቅ አየሁት። አልተጠጋሁም። ሪፒተሩ ወዳለበት ሕንፃ ሄድኩ።

ወጣሁ። የወለቀውን ገመድ አየሁ። መልሼ አሰርኩት፤ አረንጓዴው መብራት በራ። እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ካቻቢቴዬን ከኪሴ አውጥቼ ያቺን ትንሽ ብሎን ወደ ነበረችበት፣ ወደ ስድስት ሰከንድ መለስኳት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የማፍረው በእሱ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ቀና ስል ሪፒተሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት በራ። አንድ ሰው ከታች ቁልፍ ተጭኗል። ወደ ጣራው ጠርዝ ሄጄ ተመለከትኩ። ከመንገዱ ማዶ ጥግ ላይ ጋሽ በየነ የእጅ ሬዲዮ ይዘው ቆመዋል፤ አንገታቸው ዘንበል፣ ዓይናቸው መሬት። ከኋላዬ ቀዩ መብራት ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። ከስንት ወር በኋላ ጭራውን ሰሙት። ቀስ ብለው ቀና አሉና ወደ ጣራው፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ሬዲዮውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ተጠራን። አቶ ሰለሞን፣ አንድ የማኅበሩ ተወካይ፣ ከውጭ የመጣ አንድ ባለሙያ ተቀምጠዋል።

“የባትሪው ተጠሪ ማነው?” አለ ባለሙያው።

“እኔ” አሉ ጋሽ በየነ።

“ዘበኞቹ ጭራው ተቆርጦ ነበር ይላሉ። እኔ ግን ስሞክረው አለ። እውነቱ የቱ ነው?”

ጥያቄው ለእኔ ነበር። አቶ ሰለሞን እስክሪብቶውን ማየት ጀመረ። ጋሽ በየነ ወደ እኔ ዞሩ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ያንን አቋም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

“ለሙከራ ጥቂት ቀን ቆርጬው ነበር” አልኩ። “ከእሳቱ በፊት መልሼዋለሁ።”

ዘበኞቹ ማስተባበል አልቻሉም። ጠቅ ማድረግ ትተው ስለነበር ጭራው መቼ እንደተመለሰ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ተጻፈ፦ ጭራው እያለ ድምፁ አለመድረሱን ያላወቀው ዘበኛ ቁልፉን በትክክል አልተጫነም ወይም አላዳመጠም፤ ባትሪውን በየቀኑ ያላዩት ተጠሪም ሥራቸውን ችላ ብለዋል። አቶ ሰለሞን ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ጋሽ በየነ ወረቀቱን ብዙ ካዩት በኋላ ፈረሙ። እውነተኛውን መልስ ሳይሰሙ ሲፈርሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሳቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ለቀቁ። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ተመስግኛለሁ። ጭራ ያለው ሬዲዮ ግን ባየሁ ቁጥር ክዳኑን ዘግቼ እወርዳለሁ። አንዴ ጋሽ በየነን ድልድዩ ጋ አገኘኋቸው፤ ከዘራ ይዘዋል። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጉልበታቸው ተጠያየቅን። ከዚያ ከዘራቸውን ተደገፉና “ሌላ የምትነግረኝ ነገር የለም?” አሉኝ።

እኔ ስለ አዲሱ የፀሐይ ኃይል ሥራዬ ነገርኳቸው። ሰሌዳዎቹን በምን ያህል እንዳዘነበልኳቸው፣ አቧራው በዝናብ ራሱ እንዲታጠብ እንዴት እንዳደረግኩ፣ ብዙ አወራሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ጎበዝ” አሉኝና ታክሲ ተሳፈሩ።

በቀብራቸው ዕለት አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው “ሙያ ያስተማሩት እሱን ነው” ሲል ሰማሁ።

ከሽኝቴ በኋላ አሥር ቀን ያህል ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደምሴን ፈልጌ ሄድኩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፤ የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

“ኢንጂነር! ከጣራው ወረዱ እንዴ?”

“ወረድኩ። ጡረታ ወጣሁ።”

“እንግዲህ መርካቶ ጨለመች በሉኛ!”

አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ማስቲካዎቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲደረድር ቆየ።

“ያን ቀን ጭራው አልነበረም?” አለኝ።

“አልነበረም። የመለስኩት ከእሳቱ በኋላ ነው።”

“ሳጥኗስ?”

“ሞታ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ።”

“እኔ ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ።”

“አውቃለሁ።”

“አያውቁም” አለ፤ ድምፁን አልጨመረም። “እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ሆስፒታል አምጥተው ሲያነቡልኝ፣ ደንግጬ ቁልፉን ሳልጫን ነው የተናገርኩት ብዬ አመንኩ። ይኸው ስንት ዓመት። ሚስቴ ተኝተህ አውራ ጣትህ ይንቀሳቀሳል ትለኛለች።”

አውራ ጣቱን አየሁ፤ ማስቲካውን መግፋት አቁሟል።

“ጋሽ በየነ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር” አለ። “‘አንተ በደንብ ተጭነሃል’ አሉኝ። ለማጽናናት መሰለኝ። በምን አወቁ ስላቸው ‘ዘርጋው መጥቶ ይነግርሃል’ አሉኝ።”

ታክሲ የሚጠራው ልጅ እየጮኸ አለፈ። ደምሴ አልሰደበኝም፤ ይቅር ብዬዎታለሁም አላለኝም። ሶፍት የሚገዛ ሰው መጣ፤ ሸጠለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ለእኔ ነገሩኝ። የጋሽ በየነ ስም ግን አሁንም እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው” አለኝ።

ቤቴ ገብቼ የምስጋና ወረቀቱን ከግድግዳ አወረድኩ። ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌ በእጄ አደረስኩ። ሥራ አስኪያጇ አንብባ ስታበቃ “ጋሽ ዘርጋው፣ ያን ጊዜ የነበረው ፋይል መገኘቱንም እንጃ። አሁን ይህ ለማን ይጠቅማል?” አለችኝ። ፋይሉ ቢገኝ አብሮ ይቀመጥ፣ ባይገኝ ብቻውን ይቀመጥ አልኳት። እዚህም የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው፤ አንዱ ወረቀት ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር።

ደብዳቤው አጭር ነው። “ጋሽ በየነ ሥራቸውን ችላ አላሉም። ባትሪውን በየጠዋቱ የሚያዩበትን መንገድ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ደምሴ ቁልፉን በትክክል ተጭኗል፤ ሦስት ጊዜ ጠርቷል። ጭራውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከእሳቱ በኋላ መልሼ በፊት ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።”

ፈርሜበት ወጣሁ። በማግስቱ ድልድዩ ጋ ሄጄ ለደምሴ ቃል በቃል አነበብኩለት። ሲያልቅ “አንዴ ይድገሙት” አለኝ። ደገምኩለት።

“አሁን ተሰማ” አለ።